ኢሜይል ሳዛውር የኖርኩበት ዘመን

የሥራ ዘመኔን ያሳለፍኩት የሰዎችን ኢሜይል ከአሮጌ ሰርቨር አውጥቼ ወደ አዲስ ሰርቨር በማስገባት ነው። ሌላም ብዙ ሠርቻለሁ። ፕሪንተር ጠግኛለሁ፣ የተረሳ ፓስወርድ ቀይሬያለሁ፣ ጠረጴዛ ሥር ተንበርክኬ ገመድ ስቤያለሁ። ሳላፍር “እችለዋለሁ” የምለው ሥራ ግን ኢሜይል ማዛወር ነው።

ጡረታ በወጣሁ ሰሞን አሜሪካ፣ በልትስቪል ከተማ ያለች ጎረቤቴ “ለመሆኑ ምን ነበር የምትሠሪው?” ብላ ጠየቀችኝ። ነገርኳት። “ኢሜይል ምን ክብደት አለውና ነው የሚጓጓዘው?” ብላ ሳቀች። እኔም አብሬያት ሳቅሁ፤ ቤቴ ስገባ ግን ጥያቄዋ አልለቀቀኝም። ዛሬ የአብዛኛው መሥሪያ ቤት ኢሜይል ሩቅ አገር በኪራይ ማሽን ላይ ነው ያለው፤ እንደኛ ዓይነቱን ሠራተኛ የሚፈልገው ጥቂት ነው። ሥራው ጨርሶ ሳይረሳ እንዴት እንደነበር ልናገር ብዬ ነው ይኼን የምጽፈው።

የአንድ ሰው የኢሜይል ሳጥን ውስጥ የዓመታት ኑሮው አለ። የሥራ ውሉ፣ ከአለቃው ጋር የተጨቃጨቀው፣ እኅቱ የላከችለት የልጅ ፎቶ፣ “በኋላ እመልስለታለሁ” ብሎ የተወው ሁሉ እዚያ ነው። ያንን አንዲት ሳትጎድል ማንሳት አለብህ፤ በምታነሳበት ሰዓት ደግሞ አዲስ መልእክት መምጣቱን አያቆምም። ባለቤቱ እየኖረበት ያለን ቤት ዕቃ እንደማውጣት ነው። ጎረቤቴ ክብደት ያለችው ይኼ ነው።

አዲስ አበባ ሳለሁ በአንድ አስመጪና ላኪ ድርጅት የቴሌክስ ሠራተኛ ነበርኩ። ዲቪ ደርሶን ከባለቤቴ ጋር ሲልቨር ስፕሪንግ ስንገባ መጀመሪያ ያገኘሁት ሥራ አንድ የቢሮ ሕንፃ ሥር ያለ ጋራዥ ውስጥ የመኪና ማቆሚያ ሒሳብ መቀበል ነው። ከሥራ በኋላ ኮምዩኒቲ ኮሌጅ ኮምፒውተር እማር ነበር። መኪና በማይመጣበት ሰዓት የመስታወቷ ክፍል ውስጥ ቁጭ ብዬ አነባለሁ።

እዚያው ሕንፃ ላይ ለስደተኞች የሕግ ድጋፍ የሚሰጥ ቢሮ ነበረ። የቢሮው የኮምፒውተር ኃላፊ ሚስተር ኦቲስ ይባላሉ፤ ረጅም፣ ፀጉራቸው የነጣ ጥቁር አሜሪካዊ ናቸው፤ በወጣትነታቸው በመርከብ ላይ የሬዲዮ ሠራተኛ ነበሩ። አንድ ቀን መኪናቸውን አቁመው መስታወቱን አንኳኩና መጽሐፌን አዩ።

“ስለ ኢሜይል ሰርቨር ነው የምታነቢው?”

“አዎ።”

“ከዚህ በፊት ምን ትሠሪ ነበር?”

“ቴሌክስ።”

ይኼን ስላቸው ቁልፋቸውን ኪሳቸው ከተቱና ክርናቸውን መስኮቱ ላይ አሳረፉ። “እስቲ ንገሪኝ፣ አንድን መልእክት ‘ልኬያለሁ’ የምትዪው መቼ ነው?”

“ያኛው ማሽን ስሙን መልሶ ሲነግረኝ ነው” አልኳቸው። ቴሌክስ ላይ እንደዚያ ነው። ጽፈህ ስትጨርስ የተቀባዩ ማሽን የራሱን መለያ መልሶ ይጽፍልሃል። ያንን ካላየህ፣ ወረቀትህ ቢሞላም ለማን እንደደረሰ አታውቅም።

ሚስተር ኦቲስ ሳቁ። ቢሮው ረዳት ይፈልግ እንደነበረ ያወቅሁት ከሳምንት በኋላ ማመልከቻ ይዘውልኝ ሲወርዱ ነው። ደመወዙ ከጋራዡ ብዙም አይበልጥም፤ የጤና ኢንሹራንስ ግን ነበረው። ዘነበች የሚለው ስሜ አስቸግሯቸው “ዚ” አሉኝ፤ አሜሪካ ውስጥ በዚያው ቀረሁ።

እሳቸው ዘንድ የተማርኩትን ኮሌጅ አልሰጠኝም። ሌሎች የሙያው ሰዎች የሚያገለግሏቸውን ሰዎች “ዩዘር” ይላሉ፤ ሚስተር ኦቲስ ሁሉንም በስማቸው ነው የሚጠሩት። የማንንም ሳጥን ከማዛወራቸው በፊት ሄደው ጎኑ ወንበር ስበው ይቀመጡና “ጠዋት ስትገባ መጀመሪያ የምትከፍተው ምንድን ነው?” ብለው ይጠይቃሉ። ከዚያ ዝም ብለው ያያሉ። አንዱ የተሰረዘ ኢሜይል ማጠራቀሚያው ውስጥ ዋና ዋና ጉዳዮቹን ያስቀምጣል። ሌላዋ ለራሷ ኢሜይል እየላከች እንደ ማስታወሻ ትጠቀማለች። “ይኼን ማሽኑ አይነግርሽም” ይሉኛል ስንወጣ።

ቅደም ተከተላቸውም የራሳቸው ነበር። መጀመሪያ የራሳቸውን ሳጥን ያዛውራሉ፤ “እኔ ያልቀመስኩትን ለሰው አላቀርብም” ይላሉ። ቀጥሎ ከሁሉ አስቸጋሪ የሆነውን ሰው። “ቀላሉን ሰው አዛውረሽ ምን ትማሪያለሽ? ችግር ካለ አሁን ይታይ።” ሲጨርሱ ደግሞ አሮጌውን ሰርቨር አያጠፉትም። ለሳምንታት እንደበራ ይተዉትና በየጠዋቱ፣ ኮታቸውን ሳያወልቁ፣ ሄደው ያዩታል። የገባኝ በኋላ ነው እንጂ መጀመሪያ የሽማግሌ ልማድ መስሎኝ ነበር።

በመጀመሪያው ትልቅ ዝውውራችን አስቸጋሪዋ ሰው እትዬ ሰብለ ሆኑ። እትዬ ሰብለ የቢሮው የአማርኛ አስተርጓሚ ናቸው፤ በዕድሜ ታላቄ፣ ቀጥ ብለው የሚሄዱ፣ ድምፃቸው ከኮሪደሩ ማዶ የሚሰማ። ለእያንዳንዱ ባለጉዳይ አንድ ፎልደር ከፍተው ስሙን በአማርኛ ፊደል ነበር የጻፉበት። ለሙከራ የሳጥናቸውን ቅጂ ወደ አዲሱ ሰርቨር አሻገርንና ጠርተን አሳየናቸው። ፎልደሮቹ በሙሉ ስማቸው ጠፍቶ የጥያቄ ምልክት ብቻ ሆነው ተደርድረዋል።

“ምንድን ነው ይኼ?” አሉ እትዬ ሰብለ።

“እትዬ፣ አይደንግጡ። ይኼ ቅጂው ነው፤ ዋናው አልተነካም።”

“አልደነገጥኩም፤ ተናደድኩ እንጂ! የሰው ስም ነው እኮ የነበረው። ማንን ከማን ልለየው ነው?”

ሚስተር ኦቲስ በእንግሊዝኛ ቢጻፍስ ብለው ጠየቁ።

“እስቲ በያቸው” አሉኝ በአማርኛ፤ ተናደው ስለነበር እንግሊዝኛውን ትተውታል። “የአንድ ሰው ስም ፓስፖርቱ ላይ አንድ ዓይነት፣ ፍርድ ቤት ሌላ ዓይነት፣ ሆስፒታል ሌላ ዓይነት ነው የሚጻፈው። እኔ ሰውዬውን የማገኘው በአማርኛ ስለጻፍኩት ነው። በእንግሊዝኛ አድርጌ አንዱን ካንዱ ባምታታስ? እነዚህ ሰዎች ችሎት የሚቆሙ ናቸው።”

ትክክል ነበሩ። ፎልደሮቹን የሚያሻግረው ፕሮግራም የኛን ፊደል አያውቅም፤ የማያውቀውን ሁሉ የጥያቄ ምልክት ያደርገዋል። አዲሱ ሰርቨር ግን ራሱ ፊደሉን በደንብ ይቀበላል፤ ጽፌ ሞክሬዋለሁ። እንግዲያው ችግሩ ያለው መንገድ ላይ ብቻ ነው። ስለዚህ ለሚስተር ኦቲስ “ለእያንዳንዱ ፎልደር ጊዜያዊ ቁጥር እንስጠው፣ በቁጥሩ ይሻገር፣ ማዶ ሲደርስ ስሙን እንመልስለት” አልኳቸው። ጥቂት አሰቡና “አንቺ ያዢው” አሉኝ። የመጀመሪያው የራሴ ሥራ ይኼ ነበር።

ከእትዬ ሰብለ ጋር ጎን ለጎን ተቀምጠን እሳቸው ስም ያነባሉ፣ እኔ ቁጥር እሰጣለሁ። አንዳንዱ ስም ላይ ሲደርሱ ያቆማሉ። “ይቺ እንኳ ወረቀቷን አግኝታለች። ይኼኛው... እንጃ፣ አትላንታ ሄደ መሰለኝ።” ዝውውሩ ካለቀ በኋላ ስሞቹን አንድ በአንድ መልሼ ጻፍኩ። እትዬ ሰብለ ሁሉንም ከፍተው አዩ፤ ሲጨርሱ መነጽራቸውን አውልቀው “አሉ” አሉኝ። “ሁሉም አሉ።” ከዚያ ቀን ጀምሮ በቢሮው ውስጥ ማንም ኮምፒውተሩ ሲያስቸግረው “ዚን ጥሩ” ይል ጀመር፤ እኔም ደረቴን ነፋ አድርጌ መሄዴን አልደብቅም።

አሮጌው ሰርቨር ለምን እንደማይጠፋ የገባኝም በዚሁ ጊዜ ነው። ሰርቨር ስትቀይር በዓለም ዙሪያ ላሉ ላኪ ማሽኖች “አድራሻችን ተቀይሯል” ብለህ ታስታውቃለህ። አብዛኛው ወዲያው ይሰማል። አንዳንዱ ግን አሮጌውን አድራሻ ይዞ ይቆይና መልእክቱን ወደ ድሮው ቤት ይልካል። በድሮው ቤት ደግሞ ማንም የለም።

አንድ ጠዋት ከሚስተር ኦቲስ ጋር ወደ ማሽኑ ክፍል ስንገባ፣ ጠበቃዋ ሚስ ኬረን በኮሪደሩ ላይ በስልክ ትጮሃለች። ከሰዓት በኋላ ችሎት አለባት። ደንበኛዋ በአገሯ እስር ቤት ስለደረሰባት ጉዳት ሐኪም መርምሯት፣ ክሊኒኩ ሪፖርቱን ልኬያለሁ ይላል፤ ሚስ ኬረን አልደረሰኝም ትላለች። የመረመራት ሐኪም ደግሞ ዕረፍት ወጥቷል። ሚስተር ኦቲስ አሮጌውን ሰርቨር ከፈቱ። የሚስ ኬረን አሮጌ ሳጥን ውስጥ፣ ሁሉም ለቆት በሄደው ቤት፣ አንዲት ያልተነበበች መልእክት ቁጭ ብላለች። የክሊኒኩ ነበረች።

ወደ አዲሱ ሳጥን አሻገርኳትና ወጥቼ ለሚስ ኬረን “አሁን እይው” አልኳት። ስልኩን ጆሮዋ ላይ እንደያዘች ቢሮዋ ገብታ ስክሪኗን አየችና ሪፖርቱን ማተም ጀመረች። እትዬ ሰብለ ባለጉዳይዋን ይዘው ፍርድ ቤት ሄዱ። ሴትዮዋ ከወራት በኋላ ጥገኝነቷ ተፈቀደላትና ለቢሮው ኬክ ይዛ መጣች። እኛን አታውቀንም፤ እኛም ኬኩን በልተን ወደ ሥራችን ተመለስን።

ሚስተር ኦቲስ ጡረታ ወጥተው ወደ ትውልድ አገራቸው ሳውዝ ካሮላይና ሲገቡ ቦታቸውን ለጥቂት ዓመታት እኔ ያዝኩ። ቢሮው በጀቱ ሲቀንስ ደግሞ ከወንዝ ማዶ ባለችው አሌክሳንድሪያ ከተማ በሚገኝ፣ በየቤቱ እየሄዱ በሽተኞችንና አዛውንቶችን የሚንከባከቡ ነርሶችን በሚያሰማራ ድርጅት የኢሜይል ኃላፊ ሆኜ ተቀጠርኩ። ያኔ በልትስቪል ቤት ገዝተን ገብተናል፤ ጠዋት ጠዋት በቤልትዌይ፣ በቀለበት መንገዱ፣ ወንዙን እሻገራለሁ። ከነርሶቹ ብዙዎቹ አበሾች ናቸው፤ “እትዬ ዘነበች፣ ስልኬ ላይ ኢሜይሉ እምቢ አለኝ” የሚል ስልክ በየቀኑ ይመጣልኛል።

አለቃዬ ብራያን ከእኔ በዕድሜ ብዙ የሚያንስ፣ ሥራ ወዳድ፣ ችኩል ሰው ነው። እሱ በመጣ በዓመቱ የድርጅቱ ኢሜይል በሙሉ ወደ ኪራይ ሰርቨር እንዲዛወር ተወሰነ። የሥራ ዘመኔ ከባዱ ውድቀት የደረሰው በዚህ ዝውውር ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላስረዳ። እኛ የምናየው የኢሜይል አድራሻ ከላይ ያለው ስም ነው። አሮጌዎቹ ሰርቨሮች ለእያንዳንዱ ሳጥን ሰው የማያየው ሌላ የውስጥ ስም ይሰጡት ነበር፤ ረጅም፣ በቁጥርና በምልክት የተሞላ። አዲስ ሰርቨር ላይ ስትገባ አዲስ የውስጥ ስም ታገኛለህ። ነገር ግን አንድ የሥራ ባልደረባህ የዛሬ ዓመት ለላክህለት መልእክት ዛሬ መልስ ቢጽፍልህ፣ ማሽኑ የሚፈልገው የድሮውን የውስጥ ስምህን ነው። ካላገኘው መልሱን ለላኪው ይመልሰዋል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ለአዲሱ ሳጥን የድሮውን ስም እንደ ሁለተኛ ስም መስጠት። ይኼን ከሚስተር ኦቲስ ተምሬዋለሁና ለሠራተኛው ሁሉ፣ አንድም ሰው ሳላስቀር፣ አድርጌዋለሁ።

የአንድ ሰው ያልሆነ ሳጥን ግን ነበረ። የነርሶቹን ተራ የሚያወጣው ክፍል የጋራ ሳጥን ነበረው፤ ከዓመታት በፊት አንድ የለቀቀ ሠራተኛ ሌላ ቅርንጫፍ ቢሮ ባለ ማሽን ላይ የከፈተው። “የሰው ያልሆኑ ሳጥኖች የት የት አሉ?” ብዬ ብራያንንም ዝውውሩን የተኮናተረውንም ድርጅት ጠይቄያለሁ። “ሁሉም ተካቷል” ተባልኩ። የኮንትራክተሩ ሰዎች ያንን ሳጥን ከአሮጌው አላዛወሩትም፤ በዚያው አድራሻ አዲስና ባዶ ከፍተው ነው የተዉት። ከውጭ ሲታይ ይሠራል። የድሮ ስሙ ግን የለውም።

እሑድ ዝውውሩ አለቀ። ሰኞ ጥቃቅን ነገር ብቻ ነበር። ማክሰኞ ጠዋት ብራያን ቢሮዬ ገባና በሩን ዘጋው።

“ስፕሪንግፊልድ ያሉ አንድ ታማሚ ትናንት ነርስ ሳይመጣላቸው ቀርቶ ወድቀው ተገኝተዋል። ነርሷ እንደማትመጣ እሑድ ኢሜይል አድርጌያለሁ ትላለች። ተራ የሚያወጡት ምንም አልደረሰንም ይላሉ። እዩት፤ እኔ እንደሚመስለኝ አልላከችም።”

ታማሚው አባባ ታደሰ ናቸው፤ ስኳር ያለባቸው አዛውንት፣ ከልጃቸው ከሮማን ጋር የሚኖሩ። ሕይወት የምትባለው ነርሳቸው ጠዋት ጠዋት ሄዳ መድኃኒታቸውን ትሰጣቸዋለች፣ መብላታቸውን ታያለች። ሰኞ ሮማን ወደ ሥራ ስትወጣ ነርሷ በተለመደው ሰዓት እንደምትመጣ እርግጠኛ ነበረች። አባባ ታደሰ ጠብቀው ጠብቀው ሲታክታቸው ለራሳቸው ምግብ ሊያቀርቡ ተነሱ። ሮማን ከሥራ ስትመለስ ኩሽና ወለል ላይ አገኘቻቸው። ዳሌያቸው ተሰብሯል፤ ስኳራቸውም በጣም ወጥቷል።

ሕይወት ለጥያቄ ተጠርታ ኮሪደሩ ላይ ተቀምጣለች፤ የነርስ ልብሷን እንደለበሰች፣ ፊቷ በለቅሶ አብጧል። ስታየኝ ተነሳች።

“እትዬ ዘነበች፣ በእመቤቴ ልኬያለሁ! ልጄ ሐኪም ጋ አፖይንትመንት ነበረበት፤ ሺፍቴን ለሰው ስጡልኝ ብዬ እሑድ ነው የጻፍኩት። ሁልጊዜ እንደማደርገው ነው ያደረግኩት።”

“ሁልጊዜ እንዴት ነው የምታደርጊው?”

“የድሮ ኢሜይላቸውን እከፍትና ሪፕላይ አደርጋለሁ። አድራሻውን በቃሌ አላውቀውም።”

ያኔውኑ ጠረጠርኩ። “ከዚያ በኋላ የመጣልሽ ነገር ነበረ? እንግዳ ነገር?”

አሰብ አደረገች። “ጀንክ ነገር መጣ። በቁጥር የተሞላ። ቫይረስ መስሎኝ ዲሊት አደረግኩት።”

ስልኳን ተቀብዬ የተሰረዘውን ማጠራቀሚያ ከፈትኩ። አለ። ከሰርቨሩ የተመለሰ ነው፤ ረጅም የምልክትና የቁጥር መስመር፣ በመሐሉ የድሮው የውስጥ ስም። ለሌላ ሰው ጉራማይሌ ነው፤ እኔ ግን እንደ ቀበሌ መታወቂያ አነበብኩት። የተራ ክፍሉ ሳጥን ነበር። ሕይወት ልካለች። ማሽኑ ተቀባዩን አላውቀውም ብሎ መልሶባታል፤ ማንም ሰው በማይገባው ቋንቋ።

ስልኬን ይዤ ወደ ፓርኪንጉ ወጣሁና ሳውዝ ካሮላይና ደወልኩ። ለሚስተር ኦቲስ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርኳቸው። አላጽናኑኝም። “ሌሎቹንስ አገኘሻቸው?” አሉኝ።

“የትኞቹን ሌሎች?”

“ዚ፣ እንደዚያ የምትመልሰው ልጅቷ ብቻ ናት?”

እየሮጥኩ ተመለስኩ። መጀመሪያ ለሳጥኑ የድሮ ስሙን ሰጠሁት፤ ያ የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነው። ከዚያ ሰርቨሩ ከእሑድ ጀምሮ የመለሳቸውን መልእክቶች በሙሉ አወጣሁ። አንዷ ነርስ ታማሚዋ መድኃኒት እንደተቀየረላት ጽፋለች። ሌላዋ የዚያኑ ዕለት ከሰዓት እንደማትገባ አሳውቃለች። ሁሉም ተመልሷል፤ ማንም ልብ አላለም። ተራ የሚያወጡትን ልጆች ጠርቼ ስክሪኔ ፊት አቆምኳቸውና እየተካፈልን ደወልን። ለከሰዓቱ ተተኪ ነርስ ተገኘ። ሌላ ሰው አልተጎዳም።

ከዚያ ስብሰባ ተጠራ። የነርሶቹ ኃላፊ ሚስ ዳያን ጠረጴዛው ራስ ላይ ተቀምጣለች፤ ብራያን ጎኗ፤ ሕይወት ጫፍ ላይ። ብራያን ክፉ ሰው አልነበረም፤ ግን ፈርቷል። “ሲስተሙ ሥራውን ሠርቷል” አለ። “መልእክቱ እንዳልደረሰ ነግሯታል። ያላነበበችው እሷ ናት። ታማሚን ጥሎ መቅረት በደንባችን ከሥራ ያሰናብታል።”

የሕይወትን ስልክ አንስቼ ፊቱ አስቀመጥኩት። “ብራያን፣ አንብብልን።”

“ምኑን?”

“የነገራትን። ጮክ ብለህ።”

ጀመረ። ሁለት ቃል እንዳነበበ ምልክቶቹ ላይ ደረሰና አንደበቱ ተያዘ። ቀና ብሎ አየኝ።

“አንተ የኮምፒውተር ሰው ነህ” አልኩት። “እዚያ ውስጥ ‘ነገ ስፕሪንግፊልድ ያሉ አንድ ሽማግሌ ያለ ነርስ ሊቀሩ ነው’ የሚል ካገኘህ፣ እሺ፣ ልጅቷ ትሂድ። ካላገኘህ ግን ያልሠራው ዝውውራችን ነው። ሳጥኑን አላሻገርነውም። እሷ ማድረግ ያለባትን አድርጋለች።”

ሚስ ዳያን ስልኩን ወደ ራሷ ሳበችና ለረጅም ጊዜ አየችው። “እኔም ብሆን እሰርዘው ነበር” አለች በመጨረሻ። ወደ ሕይወት ዞራ “ወደ ሥራሽ ተመለሺ” አለቻት። ብራያንም ዝም ብሎ አልቀረም፤ ለአባባ ታደሰ ቤተሰብ ጥፋቱ የድርጅቱ እንደሆነ ራሱ ፈርሞ ጻፈ።

በማግስቱ ከሕይወት ጋር ሆስፒታል ሄድን። ሮማን በሩ ላይ አገኘችን። “ምን ልትሉኝ ነው የመጣችሁት?” አለች። “ኮምፒውተር ነው ልትሉኝ ነው?”

“አዎ” አልኳት። “ግን ኮምፒውተሩን የያዝነው እኛ ነን።”

የሆነውን አንድ በአንድ ነገርኳት። ሰማችኝ እንጂ ይቅር አላለችኝም፤ እንድትልም አልጠበቅሁም። ከውስጥ አባባ ታደሰ “ማነው?” አሉ። ሕይወት ስትገባ እጃቸውን ዘረጉላት። “ልጄ፣ አሞሽ ነበር እንዴ? ጠብቄሽ ጠብቄሽ...” አሏት። እሷ እጃቸውን ይዛ አልጋው ጎን ተቀመጠች። እሳቸው ከሆስፒታል ሲወጡ ሮማን የእኛን ትታ ሌላ ድርጅት ያዘች፤ አባባ ታደሰም ከዚያ ወዲያ ያለ ምርኩዝ ሄደው አያውቁም። ይኼ የሚስተካከል ነገር አልነበረም።

የሚስተካከለውን ግን አስተካክያለሁ። መልእክት ሲመለስ በድርጅታችን ሰርቨር ላይ ከምልክቱ ሁሉ በላይ በትልቁ “መልእክትዎ አልደረሰም፤ አሁኑኑ ይደውሉ” የሚል እንዲወጣ አደረግኩ፤ ከነስልክ ቁጥሩ፣ በእንግሊዝኛ፣ በአማርኛና በስፓኒሽ። ከዚያ በኋላ “ሁሉም ተካቷል” የሚል መልስ ተቀብዬ አላውቅም። ቅርንጫፍ በቅርንጫፍ ሄጄ፣ ተራ የሚያወጡት ዘንድ፣ ደመወዝ ክፍል፣ መድኃኒት የሚያዙት ዘንድ ወንበር ስቤ ተቀምጬ “ጠዋት መጀመሪያ የምትከፍቱት ምንድን ነው?” ብዬ ጠይቄያለሁ። ብራያንም በኋላ በኋላ ከጎኔ ወንበር ስቦ ይቀመጥ ጀመር። ጥሩ የሙያ ሰው ወጣው።

ጡረታ ልወጣ ስል ድርጅቱ ሌላ ተመሳሳይ ድርጅት ገዛና ሁለቱ በአንድ ሰርቨር ይሁኑ ተባለ። የመጨረሻ ዝውውሬ ነው። ወራት ወስጄ አዘጋጀሁት። የራሴን ሳጥን አስቀድሜ፣ አስቸጋሪዎቹን አስከትዬ፣ የጋራዎቹን ሳጥኖች በእጄ አንድ በአንድ ፈትሼ፣ ለእያንዳንዱ የድሮ ስሙን ሰጥቼ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አለቀ። እሑድን ቤተ ክርስቲያን ዋልኩ።

ሰኞ ጠዋት በጊዜ ገብቼ ስልኬ አጠገብ ተቀመጥኩ። አልጮኸም። አሮጌውን ሰርቨር አየሁ፤ ምንም የጠፋ የለም። የተመለሰ መልእክት ፈለግኩ፤ የለም። ብራያን በበሩ ብቅ ብሎ በምልክት “እንዴት ነው?” አለኝ፤ ትከሻዬን ነቀነቅሁ። ረፋዱ ላይ ስልኩ አንዴ ጠራ። ሕይወት ናት፤ ያኔ የተራ ክፍሉ ኃላፊ ሆናለች፤ የነርሶቹ ሁሉ ሺፍት በእጇ ነው።

“እትዬ ዘነበች፣ ሥራ አስፈታሁዎት እንዴ?”

“ኧረ የለም፤ ምን ልታዘዝ?”

“ይኼ የኢሜይሉ ዝውውር መቼ እንደሆነ ልጠይቅዎት ብዬ ነው። ነርሶቹን አስቀድሜ ላስጠንቅቃቸው።”

“ቅዳሜ አልቋል እኮ” አልኳት።

ኪቦርድ ስትነካካ ይሰማኛል፤ ሳጥኗን እያየች ነው።

“ውይ!” አለች። “እኔ እኮ ጠዋቱን ሙሉ ስሠራበት ነው የቆየሁት።”